መርዶ በጉምጉም ፏፏቴ

ወደ ጉምጉም ፏፏቴ ለመሄድ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ፊትን ሳያዞሩ ማውራት መልመድ ያስፈልጋል። እኔ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አዘዞ ውስጥ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ይህንኑ የምታስተምር ሴት አለች። የሳሎኗን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በፏፏቴው ፎቶ ሸፍናዋለች። ሁለት ሁለት አድርጋ ጎን ለጎን ታቆመንና "በሉ ተጨዋወቱ፤ ዓይናችሁ ግን ከውሃው እንዳይነቀል" ትላለች። ከኋላችን እየተመላለሰች፣ የዞረ አንገት ስታይ ትከሻችንን በማስመሪያ መታ ታደርጋለች። የመጀመሪያው ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበርን። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ስለ ወገቡ ሕመም ሲያጫውተኝ ቆየና ድንገት ንግግሩን አቋርጦ "ስመኝ፣ እኔ እኮ በዚህ በኩል ነኝ" አለኝ። ለካ ግድግዳውን እያየሁ ነበር የማዝንለት።

ደንቡን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም ልናገረው። የጉምጉም ውሃ የሚወርደው ድንበሩ ላይ ነው፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የማዶ። ከሃያ ዓመት በፊት ቤተሰብ የሚገናኝበት ኬላ ሲዘጋ፣ ፏፏቴው ግን ለጎብኚ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ የሚያየው ውሃ ነው። መግቢያው ላይ ቆብ ይሰጣል። ቆቡ ዓይን የት እንደዋለ ይቆጥራል። ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ሁለቱ ውሃው ላይ መዋል አለበት። ማዶ ያለን ሰው ከሰባት ሰከንድ በላይ አከታትሎ ያየ፣ የመጣው ለጉብኝት ሳይሆን ለግንኙነት ነው ይባልና አሥር ዓመት ይታገዳል። ቆቡን ያወለቀም እንደዚሁ። አስተማሪያችን ዓይናችን ካመለጠን በስድስት ቆጥረን እንድንመለስ አለማምዳናለች። መነጋገርን ግን የከለከለ የለም። ፏፏቴው እንደዚያ እያጓራ ሰው ይነጋገራል ብሎ ያሰበ ባለሥልጣን አልነበረም።

ሥራዬ የአሳንሰር ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ ስወጣና ስወርድ እውላለሁ፤ ከልጅነቴም አንድ ቦታ መቆም አይሆንልኝም። አርባ ደቂቃ ቆሞ ውሃ ማየት ለእኔ ቢጤ ቅጣት ነው። ግን እህቴ ማስተዋል ማዶ ናት። እዚያ ያገባችው ኬላው ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብላ ነው። እናታችን ደግሞ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሞታለች። ለማስተዋል አልተነገራትም።

"ለምን በስልክ አልነገርሻትም?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ከማዶ ጋር በሳምንት አምስት ደቂቃ የድምፅ መስመር ተፈቅዶልናል። ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲደርስ ስልኩን ይዤ ጋሽ ድረስ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ድረስ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የእኛ ሰፈር ሰው መርዶ ሲረዳ የኖረው በእሳቸው አፍ ነው።

"በሽቦ?" አሉኝ። ስልክ ሽቦ መጎተት ከተወ ስንት ዘመኑ ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም እንደዚያ ነው የሚጠሩት። "የእናቷን ሞት በሽቦ ልትነግሪያት? ብቻዋን ቆማ? ወድቃ ራሷን ብትፈነከት ማን ሊይዛት ነው?"

እውነታቸውን ነው አልኩ። ሰው የእናቱን ሞት የሚረዳው በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ዘመድ ከቦት፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ቆሞ ነው። እኔም ስረዳም ሳረዳም የማውቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የዚያን ዕለት ማስተዋል "እስቲ እማዬን አቅርቢልኝ" ስትለኝ "ጸበል ገብታለች" አልኳት።

ውሸት አልችልበትም፤ ገና ስጀምረው አበላሸሁት። ጸበሉ ቦታ ስልክ አይገባም አልኩ። በወሩ፣ ቆይታዋን አራዘመች አልኩ። ለፋሲካ፣ ጉሮሮዋን አሟት ድምፅ አጥታለች አልኩ። ሰኔ ላይ ያልኩትን ሁሉ ረስቼ "ደህና ናት፣ አሁን እንኳ ከሰው ጋር ስትጫወት ነበር" ብዬ አረፍኩ። የቀሩት ሁለት ደቂቃዎች አንድም ቃል ሳይወጣን አለቁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሥራ ባይኖርም ልብሴን ለባብሼ ከቤት ወጣ እላለሁ፤ ስልኩ ሲጮኽ መንገድ ላይ እየተራመድኩ ነው የማነሳው።

የእኛ በኩል ፈቃድ በዕጣ ነው፤ የማዶው ቀላል ነው ይባላል። እማዬ አሥራ አንድ ጊዜ አመልክታ አንድም ጊዜ አልወጣላትም። ለእኔ እሷ በሞተች በአምስተኛው ወር፣ በመጀመሪያው ሙከራዬ ወጣልኝ። መልእክቱ ሲደርሰኝ የስምንት ፎቅ አሳንሰር ውስጥ ነበርኩ፤ ከደስታ ይልቅ ንዴት ነው የተሰማኝ። መስከረም ሃያ አራት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ከአንድ አጃቢ ጋር ይላል። ቀኑንና ሰዓቱን በቅዳሜው መስመር ለማስተዋል ነገርኳት፤ እሷም በበኩሏ ፈቃድ አወጣች።

አጃቢው ጋሽ ድረስ ሆኑ። የሚይዛትንም ሰው ያገኙት እሳቸው ናቸው። ማዶም እድር አለ፤ እድር ደግሞ እድርን አያጣውም። ዘሃራ የምትባል ሴት ነች። በማዶው መድረክ ላይ ለጎብኚ የላስቲክ ካፖርት ትሸጣለች። የሚነገር መርዶ ካለ፣ ካፖርት የምታለብስ መስላ ከኋላ ትቆምና የሚረዳውን ሰው ትይዛለች። እስካሁን ከመቶ ስልሳ ሰው በላይ ይዛለች አሉኝ፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ከአጥሩ ዘለው ወደ ውሃው ሊገቡ ሲሉ ነው ወገባቸውን ይዛ ያስቀረቻቸው።

"ይቺ ሴት ሥራ ታውቃለች" አሉ ጋሽ ድረስ።

ከዋዜማው ደርሰን ፏፏቴው አጠገብ ከበቀሉት ማደሪያዎች አንዱ ውስጥ አደርን። ማለዳ ላይ የማደሪያው ልጅ ቁርስ ሲያቀርብ ጋሽ ድረስ ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

"እሷ ሳትበላ ነው የምትረዳው፤ እኔ ጠግቤ ልነግራት ነው?"

"ጋሽ ድረስ፣ እሷ እኮ መርዶ መሆኑን አታውቅም፤ በልታ ነው የምትመጣው።"

"የእሷ ነገር የእሷ ነው።"

እኔም ተውኩት። መብላቱ እኔንም አላሰኘኝም። ክፍላቸው ገብተን ግድግዳው ፊት ጎን ለጎን ቆምን፤ የሚሉትን ለመጨረሻ ጊዜ አለማመድኳቸው። አጭር ነው። "ልጄ ማስተዋል፣ እናትሽ ወይዘሮ አትጠገብ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል፤ ልጅ ወልደው፣ ጧሪ አግኝተው፣ በክብር ተቀብረዋል።" አራት ጊዜ አሉት፤ አራቱንም ጊዜ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። በአምስተኛው ወደ እኔ ዞረው "ሰው ፊት ሳላይ መርዶ ተናግሬ አላውቅም፣ ስመኝ" አሉኝ። "እኔም እህቴን አጠገቤ ሆና ሳላያት አነጋግሬያት አላውቅም" አልኳቸው። ይህን ስል ድምፄ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም።

መግቢያው ላይ አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ተቀበለችን። "እንኳን ደህና መጡ፣ መልካም እይታ!" ብላ ግራጫ ቆቦቻችንን አደረገችልን። የጋሽ ድረስን የራሳቸውን ባርኔጣ ተቀብላ በቁጥር አስቀመጠችላቸው። አዲሱን ቆብ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ዳበሱት። "ይከብዳል" አሉ። "ይለመዳል አባቴ" አለች ልጅቷ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ድምፁ መጣ። ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። ውሃው በግምት ከአሥራ አምስት ፎቅ ይወርዳል፤ ሥራዬ ስለሆነ ከፍታ አልስትም። ከታች የሚነሳው ጉም ተመልሶ ሁላችንንም ያለብሰናል። ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች በብረት መደገፊያው ተደግፈን ወደ ውሃው ዞረናል፤ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች ከማዶው መድረክ ወደዚያው ዞረዋል። ሁሉም ሰው ያወራል። አንድ ሰውዬ ለውሃው "የባንኩን ሥራ ተወው እንዴ?" ይለዋል። አንዲት ሴት ውሃውን እያየች በሳቅ ትፈርሳለች። አንዱ አባት ሕፃኑን ከፍ አድርጎ ወደ ማዶ አዙሮ ይዟል፤ ሕፃናት ቆብ አይደረግላቸውምና የፈለጉትን ያያሉ። ሕፃኑ ማዶ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ሲመለከት፣ እነሱ ፏፏቴውን እያዩ እጃቸውን ያውለበልቡለት ነበር።

እዚያ ቦታ ያለው ትልቁ ነገር ጆሮ የሚሉት ስፍራ ነው። መድረኮቹ ከሁሉ በላይ የሚቀራረቡበት ጥግ ላይ አንድ አለት ወደ ፊት ወጥቶ ድምፁን ይከልለዋል፤ እዚያ የቆመ ሰው በተለመደ ድምፅ አውርቶ ይሰማል። በሁለቱ መደገፊያዎች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጆሮ ላይ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የሚቆመው። ይህንን ያወጣው መንግሥት አይደለም፤ ተመልካቹ ራሱ ነው። ሰልፍ ይያዛል፤ ሰልፈኛውም ውሃውን እያየ ነው የሚጠብቀው፤ ተራህ ሲያልቅ ከኋላህ ያለው ትከሻህን ነካ ያደርግሃል፤ ተጨቃጭቆ የሚያውቅ ሰው የለም ይላሉ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። እግሬ አላስቆም አለኝ፤ ካንዱ ወዳንዱ አዛውራለሁ። ጋሽ ድረስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ንግግራቸውን እየከለሱ ነው። ከዚያ ከፊታችን የነበሩት ወጡና ጆሮ ላይ ቆምን።

"እታለም" የሚል ድምፅ ከግራዬ መጣ።

በአምስት ደቂቃ መስመር የማውቀው ድምፅ አልነበረም፤ ትልቅ ነው፣ ትንፋሽ አለው። ሳላስበው ዞርኩ፤ ቢጫ ቆብ፣ ሰማያዊ ላስቲክ፣ እርጥብ አገጭ። ቆቤ ግንባሬ ላይ ንዝር አለብኝ፤ ወደ ውሃው ተመለስኩ።

"ማስትዬ።"

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንቺ ደህና ነሽ? ልጆቹ? ባለቤትሽ?"

"ደህና ናቸው። ወገቡን አሞት ነበር ያልሽኝ ባለቤትሽስ?"

"ተሽሎታል። ትናንት እንኳ እየነዳ ነው ያደረሰን እስከ መኪና ተራው።"

ውሃው ይወርዳል። ከእህቴ ጀርባ ሰውነቷ ሞላ ያለ ሴት ቆማ እንደነበር በዓይኔ ጠርዝ አይቻለሁ፤ እጆቿ ላይ ያልተዘረጋ ላስቲክ ይዛለች። ዘሃራ ነች። ሁሉም ሰው በየቦታው ነበር። ጋሽ ድረስን በክርኔ ጎነጥ አደረግኋቸው።

"ማናቸው አብረውሽ ያሉት?" አለች ማስተዋል።

"ጋሽ ድረስ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ።"

የእድር ዳኛ ፏፏቴ ሊጎበኝ አምስት ሰዓት መንገድ እንደማይመጣ የማታውቅ መስሎኝ ከሆነ ሞኟ እኔ ነኝ።

ጋሽ ድረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር፤ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሁሉን ነገር እንደተለማመድነው አደረጉት። "ልጄ ማስተዋል" አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ተነሳና ቆባቸውን አወለቁት።

ስልሳ ዓመት ሰው ሲያረዱ ራሳቸውን ሳይገልጡ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። ስለ ዓይን ሦስት ወር አስበናል፤ ስለ አንገት፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ቁርስ ሳይቀር አስበናል። እጃቸው የራሱን እንደሚሠራ ግን እኔም እሳቸውም አላሰብነውም። ቆቡ ደረታቸው ላይ እንዳለ መጮኽ ጀመረ። ጋሽ ድረስ ዝቅ ብለው አዩትና "ውይ" አሉ፤ ዕቃ የሰበረ ሰው እንደሚለው።

ሁለት ጥበቃዎች ወዲያው ደረሱ። ትሑቶች ናቸው፤ "አባቴ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ" እያሉ በሁለት ብብታቸው ገብተው ወሰዷቸው። ጋሽ ድረስ አልተከራከሩም። በትከሻቸው ላይ ዘወር ብለው "ስመኝ፣ አንቺ ንገሪያት!" ብቻ አሉ፤ ከጆሮ ሲወጡ ሌላውን ንግግራቸውን ውሃው በላው።

የሚነገር ነገር አልቀረም ነበር። በዚህኛውም በዚያኛውም ማዶ ሽማግሌ ራሱን ገልጦ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ከግራዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጩኸት አይደለም፣ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ነው። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። "አይዞሽ፣ ያዝኩሽ፣ ልቀቂው፣ ያዝኩሽ" ትላለች ዘሃራ። እኔ ውሃውን አያለሁ። እህቴ በአንድ ክንድ ተኩል ርቀት ስትወድቅ እኔ ውሃ አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

"መቼ?" አለች ማስተዋል።

"ጥር። ሃያ ሁለት።"

"ጥር" አለች። ቆጠረችው መሰለኝ። "በጸበሉ ሰሞን።"

"ማስትዬ፣ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው። ብቻሽን ሆነሽ፣ የሚይዝሽ ሳይኖር..."

"ብቻዬን እኮ ነው የከረምኩት!" አለች። "እማዬ ነች ጸበል የምትገባው? ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷ ላይ ጠብ ሲል አገር የምትቀውጠዋ? በሁለተኛው ሳምንት ነው የገባኝ፣ እታለም። ከዚያ ምን ላድርግ? ያልተረዳ ሰው ጋ ለቅሶ ይመጣል? ጎረቤት ሰብስቤ 'እህቴ እማዬ አለች ትላለች፣ እኔ ግን ሞታለች እላለሁ' ልበል? ጥቁር ልልበስ? ስምንት ወር ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ነው የማለቅሰው። አንድ ሰው እጄን አልያዘኝም። በየቅዳሜው ዛሬ ትነግረኛለች እላለሁ፤ አንቺ ጉሮሮዋን አሟታል ትይኛለሽ።"

ልትጎዳ አይገባም ብዬ ነው የዋሸሁት። ትክክለኛውን ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ትክክል ነሽ ብሎኛል። የማስተዋልን መታጠቢያ ቤት አንዳችንም አላሰብነውም።

"ይቅር በይኝ" አልኩ ለውሃው።

"አሁን ንገሪኝ" አለች፤ ድምፅዋ ሰከን ብሎ ነበር። "አንቺ ራስሽ። ወደ እኔ ዞረሽ፣ ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ። ከዚያ ይቅር እልሻለሁ።"

ዞርኩ።

አንድ። ማስተዋል አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ የማስታውሳት በሃያ አራቷ ነው። ሁለት። ከቢጫው ቆብ ሥር የወጣው ፀጉሯ ጆሮዋ አጠገብ ሸብቷል። ሦስት። ዘሃራ ከኋላ ወገቧን በሁለት እጆቿ አቅፋዋለች። አራት። የእህቴ ዓይኖች ደረቅ ነበሩ፤ ፊቴ ላይ ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አፌን። አምስት። "እማዬ" አልኩ። ስድስት።

አንገቴ ዞረ። እኔ አላዞርኩትም። ሦስት ወር ሙሉ በስድስት እንዲዞር ያስተማርኩት አንገት ነው፤ የተማረውን አደረገ። ፊቴ እንደገና ውሃው ላይ ነበር፤ የቀረው ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። ልመለስ ብዬ ትንፋሽ ስስብ አንድ ቆብ ጮኸ። የእኔ መስሎኝ ግንባሬን ያዝኩ። የእኔ አልነበረም።

"ተይ ልጄ፣ ዞሪ፣ ወደ ውሃው ዞሪ!" ትላለች ዘሃራ።

ማስተዋል አልዞረችም። እኔ ስዞር እሷ እዚያው ነበረች፤ ጎኔን፣ ጉንጬን እያየች። ቆቧ ይጮኻል፣ እሷ ታያለች። የማዶ ጥበቃዎችም ትሑቶች ናቸው። "እሜቴ፣ ይቅርታ" የሚመስል ነገር በቋንቋቸው ሲሉ ሰማሁ። እግሮች ሲሄዱ ሰማሁ። ከጆሮ ከወጣች በኋላ ጮክ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ የደረሰኝ ግን የፏፏቴው ድምፅ ብቻ ነው።

ሰልፉ ውስጥ ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አላደረጉኝም። ተራዬ አልቆ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። "ጨርሺ እህቴ፣ እኛ አለን" አሉኝ።

"ዘሃራ" አልኩ። "አለሽ?"

"አለሁ።"

"ምን አለች?"

ዘሃራ ላስቲኩን እያጠፈች ነበር፤ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። አማርኛዋ የማዶ ለዛ አለው። "ላንቺ ንገሪልኝ ያለችው ነው። 'እማዬን አየኋት በያት' አለች። 'ለመጨረሻ ጊዜ የተለየኋት ጊዜ ዕድሜዋ ልክ የእህቴን ያህል ነበር፣ ፊቷም ይኸው የእህቴ ፊት ነበር' አለች።" ከዚያም "እኔ ብዙ ሰው ይዣለሁ" አለች፣ "እንደዚያ አድርጎ የሚያይ አላየሁም። እንድትዞር ጎትቻት ነበር። አልቻልኳትም። ፈጣሪ ያጥናችሁ።"

ከዚያ "ካፖርት! ካፖርት የሚፈልግ!" እያለች ድምፅዋ ራቀ።

አሥራ ሦስት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ከጆሮ ወጥቼ ክፍት ቦታ ፈልጌ መደገፊያውን ያዝኩ። እግሬ ፀጥ ብሎ መቆሙን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ስምንት ወር ውሸቴን ስጠብቅ ስለነበር እማዬን በወጉ አላለቀስኳትም፤ ያን ጊዜ አለቀስኳት። ግራና ቀኜ ያሉት ሰዎች አላዩኝም፤ ማንም ማንንም አያይም። ያልጨረስኩትን ቃል ጮክ ብዬ ተናገርኩት። እኔም ራሴ አልሰማሁትም።

መውጫው ክፍል ውስጥ ጋሽ ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የእገዳ ወረቀታቸውን ይዘው አገኘኋቸው።

"ተረዳች?"

"ተረድታለች።"

"ማን ያዛት?"

"ዘሃራ።"

"ጎሽ" አሉ። ወረቀቱን አጠፉት። "አበላሸሁብሽ አይደል?"

"አላበላሹም" አልኳቸው፤ ይህ ግን ውሸት አልነበረም። ከእኔ አፍ ከሚወጣው ሁሉ ይልቅ የእሳቸው ራስ መገለጥ ነው እህቴን ያረዳልኝ። አጠገባቸው ትንሽ ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።

የቆብ መመለሻው ጋ ያቺው ፈገግተኛ ልጅ ነበረች። ቆቤን ሳህን ላይ አስቀመጠችውና ፊቷ በራ። "ዘጠና አራት በመቶ! እናቴ፣ ከዛሬዎቹ ሁሉ እርስዎ ይበልጣሉ። እንባም ተመዝግቧል። ውሃው ብዙ ሰው ያስለቅሳል፣ በጣም ውብ ነው አይደል?"

"ውብ ነው" አልኩ።

"ከዘጠና በላይ ላመጣ የአምስት ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ያለ ዕጣ። በፈለጉት ወር ይመጣሉ።" ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ማስተዋል አሥር ዓመት ወደዚያ መድረክ ድርሽ አትልም። ተቀብዬ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት፤ ምን ታድርግ ልጅቷ። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና የሴቶች መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠየቅኳት።

የገባሁት ፊቴን ለመታጠብ አይደለም፤ መስታወቱን ፈልጌ ነው። አንድ መስታወት ብቻ ነው ያለው፣ ረጅም፣ ጥጉ የተሸረፈ። ፀጉሬ በጉሙ ርሶ ግንባሬ ላይ ተለጥፏል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ፊቴን የማየው ቅባት ለመቀባት ያህል ነው፤ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ቀስ ብዬ እማዬን ፈለግኋት። መጀመሪያ አላገኘኋትም። ከዚያ ከዓይኔ ሥር፣ ከአፌ ጥግ፣ አንድ ነገር ሲያስቀይማት ከምታጠብቀው ከዚያ ከአገጯ ጀመረችና መጣች። ከኋላዬ በሩ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ከመድረኩ የወጡ ሴቶች ተራ ይዘው ቆሙ።

"እህቴ፣ ጨረስሽ?" አለችኝ አንዷ።

"ገና ነኝ" አልኳት።